አዲስ ስልክ ሐረጎን እስኪወጣ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው ሲያገኘኝ ከጤናዬ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ስልክ ነው። ሰርግ ቤት ይሁን ለቅሶ ቤት፣ አንዱ ጠጋ ይልና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ «አስካለ፣ እስቲ ይቺን እያት» ይለኛል። አይቼ የማውቀውን እነግረዋለሁ። ቀጥሎ የሚመጣውንም አውቀዋለሁ። «ግን ለምንድን ነው አዲስ ስልክ ሌላው አገር ከሰለቸው በኋላ እኛ ጋ የሚመጣው?»

ይህን ጥያቄ እኔም ለዓመታት ስጠይቀው ኖሬአለሁ። ደሞዝ እየተከፈለኝ የጠየቅሁበት ጊዜም ነበር። ቆመው እያወሩ የሚጨርሱት ነገር ስላልሆነ፣ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ብጽፈው ይሻላል አልኩ።

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ ሰሞን፣ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ከነበረች አንዲት የሬዲዮ መጠገኛ ቤት ነው። ባለቤቷ ጋሼ ሰይድ ይባላሉ። ከሙያ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ ሥራ አጥቼ ስዞር፣ በራቸው ላይ ቆም ብዬ «ረዳት አይፈልጉም ወይ?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና አንድ የሞተ ሬዲዮ ወደኔ ገፋ አደረጉ።

«ክፈቺውና ምን እንደሆነ ንገሪኝ።»

ችሎታዬን ላሳይ ብዬ ቶሎ ቶሎ ፈታታሁት። የተበጠሰችውን ሽቦ አገኘኋትና ነገርኳቸው።

«ልክ ነሽ» አሉኝ። «ግን እኚህ የሬዲዮው ባለቤት ናቸው። ከገባሽ ጀምሮ አጠገብሽ ተቀምጠዋል። ምን እንደሆነባቸው አልጠየቅሻቸውም።»

ዞር ስል፣ እውነትም አንድ ከደሴ ዙሪያ የመጡ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ፈገግ እያሉ ያዩኛል። አፈርኩ። ጋሼ ሰይድ ግን በማግስቱ ሥራ አስገቡኝ።

የጋሼ ሰይድ ልማዶች እስከ ዛሬ በእጄ ላይ አሉ። ባለቤቱ ተናግሮ ሳይጨርስ ካቻቢቴ አያነሱም። ዕቃው መቼ ዝም እንዳለ፣ ከዚያ በፊት ዝናብ መትቶት፣ ልጅ ጥሎት እንደሆነ፣ ድምፁ ቀስ እያለ ይሁን ድንገት እንደጠፋ ይጠይቃሉ። ከዚያ አሮጌ ነጭ ጨርቅ ያነጥፉና የሚፈቱትን ብሎን ሁሉ ዕቃው ላይ በነበረበት አቀማመጥ ይደረድሩታል፤ የላይኛው ከላይ፣ የቀኙ በቀኝ። ክዳኑ እንደተከፈተ አፍንጫቸውን አስጠግተው ያሸታሉ። የተቃጠለ ነገር ሽታው ሌላ ነው፤ የሻገተም ሌላ ነው። «ተበላሽቷል» የሚል ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «ገና አልገባኝም» ነው የሚሉት።

አንድ ቀን አንድ ነጋዴ ወንድሙ ከውጭ የላከለትን ቴፕ ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው ይዞ መጣ። ገና ሶኬት ላይ ሲሰካው ጢስ ብሎ ቀረ። ጋሼ ሰይድ ገልብጠው ከጀርባው ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍ በማጉያ መስታወት አነበቡ።

«ዕቃህ አልተበላሸም፣ እንግዳ ሆኖ ነው» አሉት። «ያደገበት አገር መብራት ከኛ መብራት በግማሽ ያነሰ ነው። የኛን ሲያጎርሱት አልቻለም።» ከዚያ ወደኔ ዞር አሉ። «ምንጊዜም ጠይቂ፤ ይሄ ዕቃ ለየትኛው አገር ነው የተሠራው?»

ሞባይል ስልክ ደሴ ሲገባ ሬዲዮ ይዞ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ። እኛም የቀፎ ጥገና ለመድን። የጋሼ ሰይድ ዓይን ግን ለዚያ ደቃቃ ሥራ እየደከመ ነበር። አንድ ቀን ማጉያ መስታወቱን ለኔ ሰጡኝና «እኔ ይብቃኝ፣ አንቺ ቀጥይ» ብለው ቤቱን ዘጉ። በዚያው ሰሞን ስልክ ከውጭ አስመጥቶ የሚያከፋፍል አንድ ድርጅት ኮምቦልቻ መጋዘንና መሸጫ ከፍቶ ጠጋኝ ይፈልግ ነበር። ተወዳድሬ ገባሁ። ደሞዙ ከበፊቱ ይሻል ነበር፤ የሚሞላው ወረቀትም እንዲሁ ይበዛ ነበር። ጠዋት ከደሴ የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ወርጄ፣ ማታ ሽቅብ ወጥቼ እየተመላለስኩ እስከ ጡረታዬ እዚያው ሠራሁ።

የቅርንጫፉ ኃላፊ አቶ መስፍን ይባላል። ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ የሚያወራ፣ ሲናገር የሚጮህ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ያንገሸግሸዋል፦ «መቼ ይመጣል?» የሚለው። የሚያሳዝነው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሚጠየቀው እሱን መሆኑ ነው። በየቤቱ ዲሽ ገብቷል። ሰው አዲስ ስልክ በወጣ ዕለት ማስታወቂያውን ያየዋል፤ በነጋታው እኛ በር ላይ ይቆማል። እኛ ያለን ደግሞ ያለፈው ወይም ያለፈው ያለፈው ነው።

ከሁሉ የባሰው «ቢራቢሮው» ነበር። እውነተኛ ስሙ ቁጥርና ፊደል የተቀላቀለበት ነገር ነው። ማስታወቂያው ላይ አንዲት ቢራቢሮ በረርር ብላ መስታወቱ ላይ ስለምታርፍ የወሎ ሰው እንዲያ ብሎ ጠራው። ሲወራለት የከረመው ነገር ከፊቱ ያለችው ካሜራ ናት። እያወራህ የምታናግረውን ሰው ፊት ታያለህ፣ እሱም ያይሃል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊትም ነበር፤ ቢራቢሮው ግን በደካማ ኔትወርክም ጥርት አድርጎ ያሳያል ተባለ።

በዚያ ወቅት ነው አቶ እንድሪስ የመጣው። ኮምቦልቻ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ገባና በባንኮኒያችን መስታወት ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔው የቢራቢሮ ሥዕል ሣለ፤ ሥሩ «መጣ?» ብሎ ጻፈ። ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። በእጅጌው ጠራርጎት ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ያንኑ ጻፈ። እንዲህ እያለ ለመደን።

አንድ ቀን ሚስቱን እትዬ ፋጡማን አስከትሎ መጣ። እሷ ናት ነገሩን ያስረዳችኝ።

«ሐጃችን፣ ጉዳያችን ልጃችን ናት፣ እህቴ። ሶፊያ ትባላለች። ቤይሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እኔ በስልክ ድምጿን እሰማለሁ፤ አልሐምዱሊላህ። እሱ ግን አጠገቤ ቁጭ ብሎ አፌን ነው የሚያየው። ሳወራ ቆይቼ ‹ደህና ነኝ ትላለች› እለዋለሁ። ስልኬ አማርኛ አይጽፍ፤ ከሄደች ጀምሮ ከልጁ ጋር አንዲት ቃል አላወራም። ከኔ ይልቅ በእጅ ማውራት የምትችለው እሷ ነበረች። ከሰው ጋር የምታገናኘው እሷ ነበረች።»

አቶ እንድሪስ ከሚስቱ አፍ ላይ የሚሆነውን እየተከታተለ ነበር። ስትጨርስ ወደኔ ዞሮ ሁለት እጆቹን ከፍቶ ጠበቀኝ። ‹እና?› ማለቱ ነበር።

አቶ መስፍንን «ይሄ ስልክ በእርግጥ ለምን አልመጣም?» አልኩት።

«ከላይ አልተላከማ!»

«ለምን አልተላከም?»

«አስካለ፣ እኔ በምን አውቃለሁ? ትንሽ ገበያ ነን፤ ሲተርፋቸው ይልኩልናል።»

ይህ መልስ አልዋጥልኝ አለ። ትንሽ ገበያ ማለት ምን ማለት ነው? ከኛ ያነሰ ሕዝብ ያላቸው አገሮች ስልኩን ከያዙት ከርመዋል።

መልሱን ሳላገኝ ሶፊያ ራሷ ቀደመችን። ቢራቢሮውን እዚያው ገዝታ፣ ወደ አገሯ በምትመለስ አንዲት የሐይቅ ከተማ ልጅ እጅ ላከችው። አቶ እንድሪስ ካርቶኑን በሁለት እጁ ታቅፎ ሱቃችን ገባ። ሠራተኛው ሁሉ ከበበን። አበራሁት። ቢራቢሮዋ በረረች። ሲም ካርድ ከተትኩ፤ ደወልኩ፤ ድምፅ ይሠራል። ሶፊያ ያን ዕለት ከሰዓት ዕረፍቷ ነበር፤ ጓደኛዋ ቤት ሄዳ በጓደኛዋ ስልክ እየጠበቀችን ነው። ምስሉን ነካሁት። ነጭ ክብ ነገር እየዞረ ቀረ።

ጋሼ ሰይድ ያስተማሩኝን ሁሉ አደረግሁ። የስልኩን ቅንብር አንድ ባንድ ፈተሽኩ። ሲሙን ቀየርኩ። ከመጋዘኑ ወጥቼ የኔትወርክ ታወሩ ሥር ቆምኩ። ምናልባት ተራራው ከልሎን ይሆናል ብዬ ከአቶ እንድሪስና ከእትዬ ፋጡማ ጋር ሚኒባስ ተሳፍረን ሐረጎ ወጣን፤ ከዚያ ኮምቦልቻም ሜዳውም ወለል ብሎ ይታያል። በኔ አሮጌ ስልክ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው። ቢራቢሮው ላይ ግን ያው ነጭ ክብ ነገር ይዞራል። እትዬ ፋጡማ በየመሀሉ ለሶፊያ በድምፅ ትደውልና «ትንሽ ቆይ፣ እየሞከረች ነው» ትላታለች። አቶ እንድሪስ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጄን እጄን ያያል።

በመጨረሻ የካርቶኑን ጎን ገልብጬ ከስልኩ የሞዴል ቁጥር መጨረሻ ያለችውን ፊደል አየኋት። እኛ ከፋብሪካው በተላከልን መግለጫ ላይ ካለው በአንዲት ፊደል ይለያል። ስልኩ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ነበር። ቤይሩት ላይ አንዱ ነጋዴ አምጥቶ ለሶፊያ ሸጦላታል። ድምፅ የሚሄድበትን የኛን ሞገድ ስልኩ ይቀበላል፤ ለዚህ ነው መደወል የቻልነው። ምስል የሚሸከመው ፈጣኑ ሞገድ ግን የኛ ታወር በሌላ ቁጥር ነው የሚለቀው፤ ስልኩ ውስጥ ያንን የሚቀበል ክፍል ጭራሽ የለም። በቅንብር አይስተካከልም፣ በብየዳም አይገባም።

ይህን ለአቶ እንድሪስ እንዴት እንደማስረዳው ጨነቀኝ። ወረቀት ላይ «ይህ ስልክ የኛን ታወር አይሰማም» ብዬ ጻፍኩለት። አነበበ። በጣቱ ወደ ስልኩ ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ ራሱ ጆሮ ጠቆመና ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተቋረጠና ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

እትዬ ፋጡማ ለልጇ ደወለች። «አልሆነም፣ ልጄ። አብሽሪ፣ ሌላ ጊዜ ይሆናል» አለቻት። ብዙም ሳይቆይ የሶፊያ ጓደኛ ሥራ ለቃ ሄደች። ሶፊያ እጅ የቀረው ባለ ቁልፍ ስልክ ብቻ ነበር።

በሥራ ዘመኔ ያልጠገንኩት ዕቃ ብዙ ነው። ያኛውን ያህል የከበደኝ የለም። በዚያው ሳምንት ጋሼ ሰይድን ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። ዓይናቸው ጨርሶ ደክሟል፤ ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉን ነገርኳቸው።

«ለየትኛው አገር ተሠርቶ ኖሯል?» አሉኝ።

«ለአሜሪካ።»

«እሺ። ለኛ አገር የሚሠራውስ?»

«የለም፣ ጋሼ። ገና አልመጣም።»

«መጣ ወይ አላልኩሽም። ማን ነው የሚሠራው? ሰው አይደለም? ሄደሽ ጠይቂዋ! እኔ ሬዲዮ አልናገር ሲለኝ ባለቤቱን እጠይቅ የለም እንዴ?»

ለካ የዕቃውን ባለቤት አልጠየቅሁም ኖሯል። አቶ መስፍንን ወጥሬ ያዝኩት። የፋብሪካው ወኪል ከናይሮቢ አዲስ አበባ ለስብሰባ ሲመጣ «እኔንም ይውሰዱኝ» አልኩት። «እዚያ ገብተሽ ምን ልትሠሪ?» አለ። «ልጠይቅ።» ትንሽ አሰበና «እንዲያውም ደህና ነው። ሁልጊዜ እኔን ከምትጠይቂ እሱን ጠይቂው» ብሎ ይዞኝ ሄደ።

ወኪሉ ቀጠን ያለ፣ ትሑት ወጣት ነበር። በእንግሊዝኛ ያወራል፤ ያመለጠኝን አቶ መስፍን ያቀብለኛል። ለምን እንደምንዘገይ ስጠይቀው ቅር ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወንበሩን ሳብ አድርጎ «ይህን የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ሰው የሚጠይቀኝ መቼ እንደሚመጣ ብቻ ነው» አለና ያስረዳኝ ጀመር። የገባኝን በራሴ አማርኛ ልናገረው።

አዲስ ስልክ ሲወጣ ፋብሪካው ለሁሉም የሚበቃ ማምረት አይችልም። የመጀመሪያው ምርት አስቀድመው በብዛት ላዘዙ አገሮች ይሄዳል። ይህን ገምቼው ነበር። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። በሞገድ በኩል ለኛ የሚስማማው ስልክ ተሠርቶ አልቋል! የኛን ሞገድ የሚጠቀሙ አገሮች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ለነሱ የተሠራው ለኛም ይሆናል። ታዲያ ለምን ቀረ? ወደ አንድ አገር ከመላኩ በፊት በዚያ አገር ኔትወርክ ላይ የሚፈትሸው ሰው ያስፈልጋል። መንግሥት አይቶ ይግባ ማለት አለበት። መስታወቱ ቢሰበር የሚቀየር መለዋወጫና የሚቀይር ባለሙያ መኖር አለበት። አስመጪው በብዛት ማዘዝ አለበት፤ ለማዘዝ ባንክ ወረፋ ይዞ የውጭ ምንዛሪ ማግኘት አለበት። ከዚያ መርከብ፣ ጅቡቲ፣ ከባድ መኪና፣ ደረቅ ወደብ አለ።

ይህም ሆኖ የእያንዳንዱ ሥራ ርዝመት አልነበረም ዋናው ነገር። አንዱ ሌላውን መጠበቁ ነው። አስመጪው ስልኩ እዚህ በደንብ መሥራቱን ሳያውቅ ላለማዘዝ ይጠብቃል። ፋብሪካው ትእዛዝ ሳያይ ፈታሽ አይመድብም። ፈቃድ ሰጪው ናሙና ይጠብቃል። ናሙና ደግሞ ትእዛዝ ሲኖር ነው የሚላከው። ማንም አልከለከለንም። ሁሉም በሩን ከፍቶ ቀድሞ የሚገባ ሰው እየጠበቀ ነበር።

«ፈታሹ እኔ ብሆንስ?» አልኩት።

ወኪሉ አቶ መስፍንን አየው። አቶ መስፍን ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ፣ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ፣ «የኛ ባለሙያ ናት። ትችላለች» አለ።

ሁለት ናሙና ስልክ ተላከልን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ወቅት የተደሰትኩበት ጊዜ አልነበረም። ጠዋትና ማታ የምመላለስበት መንገድ ቤተ ሙከራዬ ሆነ። ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጬ ለእህቴ እደውልና ስለ ሽንኩርት ዋጋም ቢሆን እያወራሁ ሐረጎን እወጣለሁ። አንዲት ጠመዝማዛ ላይ ሁልጊዜ ይቋረጣል። የኮምቦልቻው ታወር ከጀርባችን ሲርቅ ስልኩ ለደሴው ማስረከብ ሲገባው የድሮውን ሙጭጭ ብሎ ይይዛል። ደጋግሜ አይቼ ጻፍኩ። ሾፌሮቹ «አስካለ፣ ዛሬስ ለቀቀው?» ይሉኝ ጀመር።

ቀጥሎ ፊደላችን መጣ። በአማርኛ የተላከ መልእክት ስከፍት ባዶ ሳጥን ብቻ ተደርድሮ አየሁ። ወኪሉ ይህን አላወቀም ነበር፤ የሚያውቀው በእንግሊዝኛ የሚጻጻፉ ደንበኞችን ነው። የፊደል ገበታውን በሙሉ ላኩለት። የተስተካከለ ብሎ ሲልክልኝ እነ «ሏ» እና «ቷ» አሁንም ሳጥን ናቸው። እንደገና ጻፍኩ። ማንቂያ ደወሉ ላይም ተከራከርን። «የኛ ሰው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት የሚለው የናንተን ስድስት ነው» ስለው፣ ሰውየው «ይህን ደግመህ ንገረኝ» ብሎ ለአቶ መስፍን ጻፈለት። አሥራ ሦስተኛ ወር እንዳለን ሲሰማ ደግሞ ደወለልን፤ በድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረበት። ሰዓቱ አልተለወጠም፤ ፊደሉ ግን ተስተካከለ።

ምስሉን የፈተሽኩት ከአቶ እንድሪስና ከእትዬ ፋጡማ ጋር ነው። አቶ መስፍን ፈቀደ። አንዱን ናሙና አቶ እንድሪስ ልብስ መስፊያ ቤት ትቼ፣ ሌላውን ይዤ ከእትዬ ፋጡማ ጋር ደሴ ወጣሁ። የአቶ እንድሪስ ፊት መስታወቱ ላይ ብቅ ሲል እትዬ ፋጡማ «ያ ረቢ!» ብላ አፏን ያዘች። ፊቱ ጥሩ ነው። እጁን ሲያንቀሳቅስ ግን ጣቶቹ እንደ ጭቃ ይለወሳሉ። ለሚሰማ ሰው ይህ ምንም አይደለም፤ ድምፁ አለለት። ለሱ ግን ጣቱ ካልታየ ንግግሩ ጠፋ ማለት ነው።

በማግስቱ መስፊያ ቤቱ ሄጄ የተቀመጠበትን ቦታ አየሁ። ከጀርባው ክፍት በር አለ፤ በበሩ ሰው ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ የተሰቀለ ልብስ በነፋስ ይወዛወዛል። ስልኩ ያን ሁሉ እንቅስቃሴ ሊልክ ሲታገል ለጣቶቹ የሚተርፈው ነገር የለም። በምልክት ይህን ላስረዳው ስታገል እሱ ቀድሞኝ ገባው። ተነሥቶ ከመደርደሪያው አንድ ጣቃ ጥቁር ጨርቅ አወረደና ከጀርባው ከግድግዳ ግድግዳ ወጠረው። ወንበሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። እንደገና ደሴ ወጥቼ ስደውል ጣቶቹ አንድ ባንድ ይቆጠራሉ። እትዬ ፋጡማ ያየችውን በቃል ተረጎመችልኝ፤ «ምሳ ምን ይሠራ ነው የሚለኝ» ብላ ሳቀች።

ናሙናዎቹን መለስን። ሶፊያን በዚያን ጊዜ ለማናገር አልተቻለም፤ እሷ ጋ እንዲህ ያለ ስልክ አልነበረም። አቶ እንድሪስ ሲመልስልኝ መስታወቱን በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ ነው የሰጠኝ።

ፈቃዱ ተገኘ፤ የባንኩ ወረፋ ደረሰ፤ መርከቡም መጣ። ቢራቢሮው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የገባ ዕለት በዲሹ ላይ የሚቀጥለው ሞዴል ማስታወቂያ ተጀምሯል። ወጣቶቹ መጥተው እያገላበጡ «ይሄማ አሮጌ ነው» አሉን። አቶ መስፍን ራሱን ይዞ ጮኸ። እኔ ግን ስልኩ ላይ «ቷ»ን ጽፌ እያየኋት ነበር።

አቶ እንድሪስ ገባ። ጠመኔውን አውጥቶ «መጣ?» ብሎ ጻፈ። የጥያቄ ምልክቱን በአውራ ጣቴ አጠፋሁት።

ሶፊያም ስልክ አግኝታ ነበር፤ እንዴት እንዳገኘች ያን ጊዜ አልጠየቅንም። አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ከጁምዓ በኋላ፣ መስፊያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ጥቁሩ ጨርቅ ተወጥሯል። ስልኩን ስፌት መኪናው ላይ አስደገፍኩት። ጠራ። አንዲት ቀጭን ልጅ ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ታየች።

ሁለቱም እጃቸውን ወደ ስልኩ አነሡ። ከዚያ እሷ ጀመረች፣ እሱም መለሰ፤ ፈጠኑ፣ ሳቁ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ ግን ደስታው ይታያል። እኔ ጣቶቿ እንዳይደበዝዙ ብቻ እየተቆጣጠርኩ ነበር። ድንገት የአቶ እንድሪስ እጆች አየር ላይ ቆሙ። ልጅቷ ቀስ ብላ፣ እየደጋገመች አንድ ነገር አለች። እሱ ከስልኩ ዞሮ ሚስቱን አያት። እትዬ ፋጡማ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ምን አለች?» አልኳት በሹክሹክታ።

«‹እናቴ አልነገረችህም?› ነው የምትለው» አለችኝ። «‹ደክሞኛል፣ ልመለስ› ስትለኝ ቆይታለች። አሁንማ ከቤት አያስወጧትም፤ ጓደኛዋ ከሄደች ወዲህ ሰው የላትም። ለኔ ትነግረኛለች። ለሱ ምን ብዬ ልንገረው? በመሄዷ ራሱን ሲወቅስ ነው የኖረው። ደህና ናት ስለው ይተኛል። ወላሂ፣ ለሱ ብዬ ነው።»

አቶ እንድሪስ ሚስቱን ብዙ አላያትም። እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን ነካ አደረጋትና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከዚያ ያደረገው እኔም የገባኝ ምልክት ነበር። ሁለት መዳፎቹን ወደፊት ዘርግቶ ወደ ደረቱ ሳባቸው። ነይ። ደግሞ ደገመው። ነይ። ማዶ ያለችው ልጅ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋ ዓይኗን በሁለት እጇ ጠረገች።

ለመመለስ ጊዜ ወሰደባት፤ ፓስፖርቷን እስክታስለቅቅ ብዙ ተንገላታች። በመጨረሻ ግን መጣች። ዛሬ ከአባቷ ጎን የራሷ የስፌት መኪና አላት፤ ደንበኛ የምታናግረው እሷ ናት። እትዬ ፋጡማ የሆነውን ሁሉ ለልጇም ለባሏም ስትነግራቸው ዋለች አሉ፤ እኔ አልነበርኩም።

ጡረታ ልወጣ ስል ቀሚስ ላሰፋ ሄድኩና ሶፊያ ስትለካኝ የምወደውን ታሪክ ነገርኳት። ፋብሪካው ምን እንዳለ፣ ማን ማንን ይጠብቅ እንደነበር፣ እኛ ባንሞክር ስልኩ ከዚያም በላይ ይዘገይ እንደነበር። ከልቧ ሰማችኝ። ስጨርስ፣

«እትዬ አስካለ፣ የኔ ስልክ ከየት የመጣ ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ገዝተሽ አይደለም?»

«በምን አቅሜ! የመጀመሪያውን ልኬ ባዶ እጄን ነበርኩ። የአሠሪዬ ልጅ አዲሱ ሞዴል ሲገዛለት ነው ቢራቢሮውን የጣለው። ጥጉ ተሰንጥቆ ነበር፤ አንስቼ ደበቅሁት። እናንተ ጋ አዲስ ሆኖ ሲገባ እኔ ጋ አሮጌ ሆኖ ወደቀ።» መለኪያዋን ከወገቤ ላይ አነሣች። «እዚህ ቀድሞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ አባቴ ስልኩን ይዞ ማንን ያይ ነበር?»

ከፋብሪካው ጀምሮ እስከ ሐረጎ ጠመዝማዛ ያለውን ሁሉ ጠይቄአለሁ። ማዶ ያለው ስልክ በማን እጅ እንደሆነ መጠየቅ ግን አንድም ቀን አልመጣልኝም።

«ከየት ነበር ያነሣሽው?» አልኳት።

«ከቆሻሻ ቅርጫት» አለችና እጅጌዬን ልትለካ ክንዴን ቀና አደረገችው።